የቡና አገርና የሰዓት ሙያ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንጓዝ፥ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ካለፍን በኋላ ሚዛን ተፈሪ እንደርሳለን። ከዚያም ወደ ቴፒ ስናልፍ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። አገሩ ዝናሙ ብዙ፥ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፥ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በበቃና በቴፒም ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ይገኛሉ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በቡና አገር ላይ ቆመን ስለ ሰዓት ሙያ መናገራችን እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን ሥራዎች አስተያይቶ ለተመለከታቸው ሰው ዝምድናቸው ይገለጥለታል። ቀይዋን ፍሬ ካልበሰለችው ለይቶ አንድ በአንድ የሚለቅም፥ በአልጋ ላይ የተሰጣውንም ቡና እያገላበጠ የተበላሸውን የሚያወጣ ሰው፥ ዓይኑም ጣቱም ለጥቃቅን ነገር የሠለጠነ ነው። የሰዓት ሠሪም የመጀመሪያ ትምህርቱ ይኸው ነው።

በገበያ ዳር በትንሽ የመስተዋት ሣጥን ፊት ተቀምጦ፥ አጉሊ መነጽር በዓይኑ ላይ አድርጎ የሚሠራውን ሰው ስናይ፥ ብዙዎቻችን ሥራውን እንደ ቀላል እንገምተዋለን። ዳሩ ግን በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ከ100 የሚበልጡ ክፍሎች አሉት። በብዙዎቹ የቀድሞ ሰዓቶች ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ክብ በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ፥ በቀንና በሌሊት 432,000 ጊዜ ትመታለች። ከ1,000 ምት አንድ ብቻ ቢጎድል፥ ሰዓቱ በቀን ወደ 1 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ወረንጦና ካቻቢቴ መያዝን፥ የፈታውን በተራ አኑሮ በተራው መመለስን ይለማመዳል። ቀጥሎም ማጠብን፥ ዘይትንም በመርፌ ጫፍ መጥኖ ማኖርን ይማራል፤ ዘይቱ ቢበዛ ይፈሳል፥ ቢያንስ ብረቱ ይበላላል። ሒሳብና የመሣሪያ ንድፍ ማወቅም ያስፈልገዋል። በስዊስ አገር ክፍሎችን መገጣጠም ብቻ ለመማር 2 ዓመት፥ የተሟላ ሰዓት ሠሪ ለመሆን ግን እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። በእንዲህ ያለው ዝናማም አገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ቡና ሳይደርቅ ቢከማች እንደሚሻግት ሁሉ፥ እርጥበት የገባበት ሰዓትም ይዝጋልና።

እርግጥ ነው፥ በ1962 ዓ.ም. በጃፓን በባትሪ የሚሠራው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ከወጣ ወዲህ፥ ኋላም ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ፥ የሰዓት ሠሪ ገበያ ጠብቧል። ነገር ግን በሰዓት የሠለጠነ እጅ ሥራ አያጣም፤ ስልክንም፥ የቡና መመዘኛንም፥ የሐኪም መሣሪያንም ለመጠገን መሠረቱ አንድ ነውና። የቡና ገንዘብ በለቀማ ወራት ገብቶ ክረምት ሳይወጣ ለሚያልቅበት ቤተ ሰብ፥ ዓመቱን ሙሉ የሚያበላ የእጅ ሙያ ትልቅ ድጋፍ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈራን የትምህርቱ ርዝመት ሳይሆን የአባቶችና የእናቶች ንቀት ነው። ልጁ ጸሓፊ እንዲሆን የሚመኝ አባት፥ ብረት ሲነካካ ሲያየው ይቈጣዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ የሚፈጸመው በዳኛ ፊት ብቻ አይደለም፤ በየቤታችንም ነው። ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ የተሰበረ ሰዓት ፈትታ ብትገኝ፥ ከመቈጣታችን በፊት ክፍሎቹን በተራ አኑራቸው እንደ ሆነ እንመልከት። በተራ ካኖረቻቸው፥ ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ነው።