ጦሳ ያውቃል

ወላይታ ውስጥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ቀያችን የልጅ ጥያቄ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። ዝናቡ ለምን ዘገየ? መብረቁ ለምን ያንን ዛፍ መታ? የእነ እገሌ እንሰት ለምን ጠወለገ? "እግዚአብሔር ነው።" እኔም ደስ እያለኝ እቀበል ነበር፤ ሰማዩም ጓሮውም ባለቤት እንዳላቸው ማወቅ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

መልሱ የከበደኝ ጎረቤታችን ላይ ሲደርስ ነው። እኚህ ሴት ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠው ቆዳው ሻክሮ ነበር፤ ሰው "ዝሆኔ" ይለዋል። ሠርግ ላይ ከበር አጠገብ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የጠጡበት ጣሳ ለብቻው ይታጠባል። ሴት ልጃቸው ቆንጆና ታታሪ ሆና ሳለ ሽማግሌ የሚልክላት ጠፋ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም፦ አንዱ እባብ በሄደበት ረግጠው ነው ይላል፣ ሌላው የዘር እርግማን ነው ይላል፣ የሚበዛው ግን እግዚአብሔር ቀጥቷቸው ነው ይላል።

አያቴ ዘንድ ግን ጎረቤታችን የሚቀመጡት ከእሷ ጎን ነበር፤ ቅቤ ጣል የተደረገበትን ቡና በእኛው ስኒ ይጠጣሉ። አንድ ቀን እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ "እማዬ፣ እግዚአብሔር ለምን ቀጣቸው?" አልኳት።

"ቀጣ ያለሽ ማን ነው?" አለች ቆጣ ብላ። "ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ጦሳ ያውቃል።"

ጦሳ ብላ የምትጠራው ያንኑ ሌሎቹ "ቀጣ" የሚሉትን አምላክ ነው። ግን የእነሱ መልስ ምርመራውን ይዘጋዋል፤ ፍርድ የተሰጠበትን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚወስደው የለም። የእሷ መልስ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ልጅ ሆኜ ይህን በቃል ልገልጸው አልችልም ነበር፤ ልዩነቱን ያየሁት ስኒው ላይ ነው።

በሩን ገፍተው የገቡት ሶዶ ውስጥ "ሞሲ ፉት" ብለን የምናውቀው ድርጅት ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎ ወላይታ ውስጥ የጀመሩት ሥራ ነው። ቀያችን የመጣው ሠራተኛ ራሱ ታሞ የዳነ ሰው ነበር፤ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን አሳየን። ያኔ ነው ስለምንረግጠው ቀይ አፈር መጀመሪያ የሰማሁት። አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው ገብተው፣ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ ሲዘጉ እግር ያብጣል። ትልም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቅንጣቶቹን ከሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ አግኝተዋቸዋል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከወላይታ ሕዝብ ከመቶ ከ5 በላይ የሚሆነው እንዳለበት አሳይቷል።

ሕክምናው ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነበር። ጎረቤታችን ጠዋት ማታ እግራቸውን እያጠቡ ወራት ሲያልፉ እብጠቱ ቀነሰ፣ ሽታውም ጠፋ። በልካቸው የተሰፋ ጫማ ያደረጉበትን እሑድ ዛሬም ሳስታውስ ደስ ይለኛል።

ሰው ግን ወዲያው እጁን አልሰጠም። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ "እሺ አፈሩ ይሁን፤ ሁላችንም ያንኑ አፈር እየረገጥን እሳቸውን ብቻ ለምን? ቅጣቱ እዚያ ላይ ነው" አሉ። ሠራተኛው "እሱ ገና አልታወቀም" ብሎ መለሰ፤ ስለ እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ሽማግሌው አምላካቸውን አፈሩ ከለቀቀው ቦታ አንስተው ወደሚቀጥለው ክፍተት ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚ እስር ቤት ሆኖ ይጽፍ የነበረው ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚያስጠነቅቀው ከዚሁ ነው፦ እውቀት እየገፋ በሄደ ቁጥር እንዲህ ያለው አምላክ እያፈገፈገ ይሄዳልና፣ እግዚአብሔርን በማናውቀው ሳይሆን በምናውቀው ውስጥ እንፈልገው ይላል። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ እዚያ ግን ደርሳለች።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አወዳድረው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ጂኖች አንዳንድ ሰውን ለዚህ አፈር ተጋላጭ እንደሚያደርጉ አሳዩ። ይህን ስሰማ ደስታና ስጋት አብረው ያዙኝ። "የዘር ነው" የሚሉት እርግማናቸውን በጂን ስም መልሰው እንዳያመጡት ፈራሁ። ጂኑ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም፤ ይህ ሁልጊዜ አብሮ መነገር አለበት።

ወደ ቀያችን ስመለስ ለአያቴ ሁሉንም አስረዳኋት። ጎረቤታችን በዚያን ጊዜ አርፈዋል። ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና፣ "የልጅ ልጆቿስ ጫማ አላቸው?" አለች።

"ትልልቆቹ አላቸው፤ የትንሿ ጠቧታል" አልኳት።

በገበያ ቀን እንድገዛላት ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ቆጥራ ሰጠችኝ።