ልቡ ያልተሰበሰበ መምህር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአበው ተረት። ይሁን እንጂ ይህን ተረት የሚደጋግመው ሰው ቁስሉንና ትኩሳቱን ለሐኪም ገልጦ ሲያሳይ፣ የአእምሮውን ሕመም ግን ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከራሱም ጭምር ይሰውራል። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ ለረጅም ዘመን መዘባበቻ ሆኖ የኖረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይህን ልማድ ከጓዙ ጋር ሸክፎ ባሕር የተሻገረ አንድ መምህር ነበር። በወሎ ገጠር አሥራ አንድ ዓመት ካስተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ፣ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ዕድሜው ሃምሳን ሲሻገር ኑሮው ከእጁ ይሾልክ ገባ። ቁልፉን ይጥላል፤ አንዱን ጉዳይ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ ገንዘቡ በኪሱ እያለ የመብራት ሂሳብ መክፈያው ቀን ያልፍበታል። ሌሊቱን በጭንቀት ሲገላበጥ ያድራል፤ ሲነጋም ከአልጋው መነሣት ተራራ ይሆንበታል። ሚስቱ «ቸልተኛ» ትለዋለች። እርሱ ራሱን የሚጠራበት ቃል ግን ከዚህ የከፋ ነበር።

ወደ አእምሮ ሐኪም ቢመሩትም፣ በመጠባበቂያው ክፍል የአገሩ ሰው ያየኛል ብሎ ስለ ፈራ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈ። በኋላ ሐኪሟን በስልክ መስኮት እያየ መነጋገር እንደሚችል ተነገረው። ቤቱ ጠባብ፣ ግድግዳውም ስስ በመሆኑ፣ ታክሲውን ከአንድ የገበያ አዳራሽ ጀርባ አቆመና መስኮቱን ዘግቶ ስልኩን በመሪው ላይ አስደገፈ። የምርመራው ክፍል ይኸው ሆነ።

ይህ ዐይነቱ የርቀት ሕክምና የትናንት ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ የነብራስካ የአእምሮ ሕክምና ተቋም፣ በዶክተር ሴሲል ዊትሰን መሪነት፣ ከሁለት ወገን በሚያስተያይ ቴሌቪዥን ሕሙማንን ማነጋገር ጀምሮ ነበር፤ በ1964ም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የኖርፎክ ሆስፒታል ጋር ተገናኘ። ሰፊው ሕዝብ ዘንድ የደረሰው ግን በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የክሊኒኮችን በር ባዘጋ ጊዜ ነው። የፈላጊው ብዛትም የሚያስደነግጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ድብርት ያለባቸውን 280 ሚሊዮን፣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን ደግሞ 301 ሚሊዮን አድርሶ ገምቷል።

ሐኪሟ አማርኛ ስለማታውቅ በመካከላቸው አስተርጓሚ ገባች፤ መልኳ አይታይም፣ ስሟን ሳይሆን የሥራ ቁጥሯን ብቻ ተናገረች። መምህሩ በዚያች ቁጥር ልቡ ትንሽ ዐረፈና «ልቤ አልሰበሰብ አለኝ» ሲል ጀመረ። ቃሉ እንዳለ ተተረጎመ። ሐኪሟም ደረቱን ያመው እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጥረው እንደሆነ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ይህን ጊዜ ፈቃድ ጠይቃ፣ በአማርኛ ልብ የሚባለው የሚመታው ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሚያስበውና የሚያስታውሰውም መሆኑን አስረዳች። ሽቦው ድምፁን ከዳር እስከ ዳር አድርሶ ነበር፤ ሰውየው የተሰማው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ሐኪሟ ስለ ልጅነቱ ጠየቀችው። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር በጎልማሳነት ቢታወቅም፣ ምልክቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንዳለበት የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ይደነግጋል። ስለዚህ ምስክር አስፈለገ። መምህሩ ደሴ ለምትኖረው ታላቅ እኅቱ ደወለ።

«እትዬ፣ ልጅ ሳለሁ ምን ዐይነት ነበርሁ?»

እኅቱ ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ እሳት ልትጭር ጎረቤት ተልከህ መንገድ ላይ ወፍ ስታባርር ይመሽ የለም እንዴ? አባባ ቢገርፉህ ቢገርፉህ አልሆን አለ እኮ።»

እንግዲህ ሕመሙ በአሜሪካ የተያዘ ወረርሽኝ አልነበረም። በወሎ ሳለ የትምህርት ቤቱ ደወል ነበር የሚሰበስበው፤ ደወሉ ያስገባዋል፣ ደወሉ ያስወጣዋል፣ በደወሉ ከሒሳብ ወደ አማርኛ ይሻገራል። ታክሲ ደወል የለውም። ድብርቱና ጭንቀቱም፣ ሐኪሟ እንዳስረዳችው፣ ለዓመታት ራስን ከመውቀስ ጋር አብረው የበቀሉ ነበሩ።

ሕክምናው ግን በመስኮቱ ብቻ አላለቀም። የሚያነቃቃው መድኃኒት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ በስልክ ሊለካ የማይችለውን ግፊቱን ሄዶ መለካት ነበረበት። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በኢንተርኔት ለማዘዝ ሐኪሙ አስቀድሞ በሽተኛውን በአካል ማየት እንዳለበት የሚያስገድድ ሕግ በአሜሪካ በ2008 የወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንድ ወጣት አይቶት የማያውቅ ሐኪም ባዘዘለት መድኃኒት ሕይወቱ አልፎ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሕጉን ሲያላላው ብዙ ችግረኛ ተጠቀመ፤ በችኮላ የሚታዘዝ መድኃኒት ያለው አደጋም አብሮ ተመለሰ። መስኮቱ ፊትን ያሳያል፤ ከመሪው በታች የሚንቀጠቀጠውን እግር አያሳይም። ለዚህም ነው ያቺ ሐኪም «እግርዎ አሁን ምን እያደረገ ነው?» ብላ ትጠይቀው የነበረው።

በአራተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ አንድ ታሪክ አነሣች። እ.ኤ.አ. በ1937 በሮድ አይላንድ ዶክተር ቻርልስ ብራድሊ ለ30 ሕፃናት ቤንዘድሪን ቢሰጧቸው፣ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው እጅግ ተሻሽለው ነበር። መምህሩ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት የሚውል አንድ ተማሪ ትዝ አለው። ያን ልጅ በጠጠር ላይ አንበርክኮታል፤ አርጩሜ አሳርፎበታል፤ በካርዱም ላይ «ብልህ ነው፤ ነገር ግን ሰነፍ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ልጁ በዓመቱ ከትምህርት ቤት ቀረ። ይህን ለሚስቱም ለእኅቱም ነግሮ አያውቅም።

ከታክሲው ውስጥ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሲጨርስ ከወዲያ ድምፅ ጠፋ፤ የሐኪሟም ፊት እንደ ፎቶግራፍ ሳይነቃነቅ ቀረ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።

«አሉ?» ሲል ጠየቀ።

ሐኪሟ ቀና አለችና አንዲት ቃል ተናገረች። መልኳ የማይታየው አስተርጓሚም ቃሏን ተቀብላ፣

«አለሁ» አለችው።