ምርቃቱን ስንጠብቅ

ዛሬ ፖለቲካ የለም። የኑሮ ውድነትም የለም (እሺ፣ ትንሽ አለ፤ መሀል ላይ ታገኙታላችሁ)። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። «በዚህ ዕድሜሽ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቴ ቀድማችሁ ብላኛለች፤ ስለዚህ አትድከሙ።

ለማያውቁት ከገበያ ልጀምር። ቲማቲም ስትገዙ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሻጯ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግላችኋለች አይደል? ካላደረገች ደግሞ «ምርቃቱስ?» እንላታለን። በጌም ዓለምም ምርቃት የሚመስል ነገር አለ። አንድ ትልቅ ጌም ወጥቶ፣ ሰው ተጫውቶ ከጨረሰው በኋላ፣ ሠሪዎቹ አዲስ አገር፣ አዲስ ታሪክና አዲስ ጠላት ጨምረው ያወጣሉ። ማስፋፊያ እንበለው፤ ልጆቹ ዲኤልሲ ነው የሚሉት። ከቲማቲሟ ሴትዮ የሚለየው ይሄኛው ምርቃት ዋጋ ያለው መሆኑ ነው።

ዋጋው ደግሞ ሁሌም አያስደስትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ «ኦብሊቪየን» የሚባለውን ጌም ባወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለፈረስ የሚለበስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠ። ጥሩሩ ለማየት ያምራል፤ ሌላ ብዙም ፋይዳ የለውም። ይኸው እስከ ዛሬ መሳቂያ ነው። ያው ኩባንያ ግን በ2007 «ሺቨሪንግ አይልስ» የሚል ማስፋፊያ አመጣ፤ የእብደት ጌታ የሚገዛው ሙሉ አገር! ደግሞ በ2016 የፖላንዶቹ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ለ«ዊቸር 3» ያወጡት «ብለድ ኤንድ ዋይን» አለ። በ20 ዶላር ቱሳን የምትባል የወይን አገር ይዞ መጣና በዚያው ዓመት «ዘ ጌም አዋርድስ» ላይ የምርጥ ሚና-ጨዋታ ሽልማትን ወሰደ። ምርቃቱ ከሚዛኑ በለጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ። ጌሙ «ኤልደን ሪንግ» ይባላል። የጃፓኑ ፍሮም ሶፍትዌር ሠርቶ በፌብሩዋሪ 2022 ነው የወጣው፤ ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። የዓለሙን የጥንት አፈ ታሪክ በመጻፍ ደግሞ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተሳትፎበታል (አዎ፣ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መጽሐፍ የጀመረልንና ያልጨረሰልን ሰውዬ)። ሰፊ ሜዳ ላይ ይጥሉሃል፤ ሂድ የሚልህ የለም፤ አትሂድ የሚልህም የለም። የሄድክበት ሁሉ ግን ይገድሉሃል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ዘመድ ከዱባይ ባመጣው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በአንድ ጆይስቲክ እየተቀባበልን ነበር የምንጫወተው። ደንባችን ቀላል ነው፤ የሞተ ያስረክባል። በዚህ ደንብ መሠረት ጆይስቲኩ ከሁለታችንም እጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 28፣ 2023) ፍሮም ሶፍትዌር ማስፋፊያ እየሠራ እንደሆነ አስታወቀ። ስሙ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኧርድትሪ»፤ የወርቃማው ዛፍ ጥላ እንደማለት። ከስሙ ጋር አንድ ሥዕል ለቀቁ። በቃ፣ አንድ ሥዕል! ረጅም ወርቃማ ጸጉር ያለው ሰው በእንስሳ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በእህል መሳይ ሜዳ ውስጥ አንድ የተጣመመ ጥቁር ዛፍ ያያል። ቀን የለም፣ ዋጋ የለም፣ ቪዲዮ የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ዝም ጭጭ።

ወንድሜ ያንን ሥዕል የስልኩ ስክሪን ላይ አደረገው። ማታ ማታ እራት ላይ ክርክር ነው። «ሰውዬው ሚኬላ ነው» ይላል እሱ። «ፊቱን ሳታይ?» እላለሁ እኔ። «ጸጉሩን አላየሽም?» እማዬ በመሀል «ማነው እሱ ደግሞ?» ትላለች። ለእማዬ ሚኬላን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሚኬላና ማሌኒያ መንታ ናቸው፤ ወንድምና እህት። እሱ ለዘላለም ልጅ ሆኖ እንዲቀር የተረገመ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰውነቷን የሚያበሰብስ መርገም አለባት። ወንድሟ ተወስዶባት እሷ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ይመለሳል እያለች ትጠብቀዋለች። ጌሙ ውስጥ ከሁሉም የከበደችው ተዋጊ እሷ ናት፤ ስንቴ እንደገደለችን ቆጥሬ አልዘልቀውም። እማዬ ይሄን ሰምታ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ምን አድርጋ ነው የምትገድሏት?»

ፌብሩዋሪ 21፣ 2024 የመጀመሪያው ቪዲዮ ተለቀቀ፤ ቀኑም ተነገረ። ጁን 21፣ ማለትም ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.። ወንድሜ ከክፍሉ እየጮኸ ወጣ፤ «ሰኔ 14 ይመጣል! ሰኔ 14 ይመጣል!» እማዬ ከማድቤት ብቅ ብላ «ማነው የሚመጣው? ምንጣፉን ላሳጥብ እንዴ?» አለች። እስከ ሰኔ ድረስ በቤታችን ማስፋፊያው «እንግዳው» ተባለ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከጌም ያለፈው። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄድበትን ማመልከቻ ልኮ ነበር። ከተሳካለት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እናላችሁ፣ ድንገት ሁለት ነገር መጠበቅ ጀመርን። አንዱን ቶሎ በመጣ እያልኩ፣ ሌላውን ደግሞ (ለማንም ሳልናገር) ትንሽ በዘገየ እያልኩ። ችግሩ ቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ሰኔ 14 እንዲፈጥን ስመኝ ነሐሴንም አብሬ እየጎተትኩ ነበር።

ታዲያ ዝግጅት ጀመርን። ወደ ማስፋፊያው ለመግባት መጀመሪያ ሁለት ታላላቅ ጠላቶችን ማሸነፍ ግድ ነው ተባለ። አንዱ ራዳን ነው፤ ከዋክብትን በኃይሉ አስሮ የያዘ ግዙፍ ጄኔራል። የሚገርመው ነገር የስበትን አስማት የተማረው ለጦርነት ብሎ አይደለም፤ አካሉ ሲገዝፍ የሚወዳት ትንሽ ፈረሱ እንዳትጎዳ ነው ይባላል። ሁለተኛው ሞግ ነው፤ የደም ጌታ፣ በላቲን ከሦስት ወደ ታች እየቆጠረ ደምህን የሚመጥ። ሞግ የተደበቀ ስለሆነ ሳያገኙት ጌሙን የጨረሱ ሰዎች ሞልተዋል። በዚያን ሰሞን ይፋ የነበረው መረጃ እንደሚያሳየው ከተጫዋቹ ከግማሽ በታች ነበር ሞግን ያሸነፈው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ ሞግን ፍለጋ ተሯሯጠ። እኛ ሚያዝያ ላይ አሸነፍነው። ጆይስቲኩ እሱ እጅ ላይ ነበር፤ ጩኸቱ የእኔ ነው።

ከሞግ ኋላ አንድ ትልቅ ድብል የመሰለ ነገር አለ፤ ከውስጡ የደረቀ ክንድ ተንጠልጥሎ ይታያል። በ2022 ሁላችንም አይተነው አልፈናል፤ አንዳንዱ ይመራመርበታል፣ አንዳንዱ ማስጌጫ ይመስለዋል። ለካስ በሩ እሱ ነበር። ያንን ክንድ ስትነካ ነው ወደ አዲሱ አገር የምትሻገረው። በሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊታችን ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜ አልፎ አልፎ ጌሙን ይከፍትና ገጸ ባሕሪያችንን ክንዱ ፊት ያቆመዋል። ምንም አያደርግም። «ምን ትሠራለህ?» ስለው «ቦታ ይዣለሁ» ይለኛል። ልክ ወረፋ ላይ እንዳለ ሰው። በእነዚያው ወራት የኤምባሲ ወረፋም ይዞ ነበር፤ ግን እዚያኛው ላይ አይስቅም።

ግንቦት ላይ የተቀባይነት ደብዳቤው መጣ። እማዬ አለቀሰች፣ እልል አለች፣ እንደገና አለቀሰች። እኔ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ማታ ግን ቀኖቹን ቆጠርኩ። ከሰኔ 14 እስከ በረራው ሁለት ወር ከግማሽ።

አሁን የኑሮ ውድነቷ። የማስፋፊያው ዋጋ 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። በሰኔ 2016 በባንክ ምንዛሪ ከ2,200 ብር በላይ ማለት ነው። ለነገሩ ብሩ ቢኖረንም በብር የሚከፈልበት መንገድ ስለሌለን አሜሪካ ያለች የአክስታችን ልጅ በካርዷ ከፈለችልን። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያው 40 ዶላር የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ከ4,500 ብር በላይ ሆነ። ወንድሜ «በሕይወታችን በጊዜ የገዛነው ነገር ይሄ ብቻ ነው» ይላል።

አርብ ሰኔ 14 መጣ። ዳውንሎዱ ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ በመሀል መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። እሁድ ማታ ክንዱን ነካነው።

ከገባን በኋላ የሆነው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ሌቭል 150 የደረሰ ገጸ ባሕሪ፣ ስንት ወር የሰበሰብነው መሣሪያ፣ አዲሱ አገር ውስጥ ብዙም አልረዳንም። የመጀመሪያው ተራ ወታደር ሁለት ጊዜ መትቶ ጣለን። ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው። በአዲሱ አገር የሚያጠነክርህ እዚያው አገር ተበታትኖ የሚገኝ በረከት ነው፤ እየዞርክ፣ እየተንበረከክህ፣ አንድ አንድ እያልክ የምትለቅመው፤ እስከ 20 ደረጃ ይደርሳል። ከውጭ ይዘኸው የመጣኸው ማዕረግ ብቻውን አያዋጣህም። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ «በዛ!» ብሎ አማረረ። ኩባንያውም በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የበረከት ደረጃዎች አጠንክሮ ለቀቀ። ቢሆንም በ3 ቀን ውስጥ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጦ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ማስፋፊያ ሆኖ ሳለ ለዓመቱ ምርጥ ጌም ታጨ፤ ሽልማቱን «አስትሮ ቦት» ቢወስደውም።

ወንድሜ ያንን ተራ ወታደር ስድስት ጊዜ ሞክሮ በመጨረሻ ሲያሸንፈው ዞር ብሎ «እዚያም እንደዚህ ነው የሚሆነው አይደል?» አለኝ። ስለ ጌሙ እንዳልሆነ ገባኝ። «እየለቀምክ ነዋ» አልኩት። ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲሄድ የመጨረሻው ተዋጊ ገና አልወደቀም። ስሙን አልነግራችሁም፤ ያልተጫወታችሁ አላችሁ። በሴፕቴምበር 2024 ኩባንያው ራሱ ይሄን ተዋጊ ትንሽ አቀለለው። ወንድሜ ከዚያ እየደወለ «ገደልሽው?» ይላል። አልገደልኩትም። ለብቻዬ ሳጫወተው የሞተ የሚያስረክበው ሰው የለም፤ ሞቼም ጆይስቲኩ እኔው እጅ ነው። ይሄን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዛፍ ሥር ስለተቀመጠችው እህት በእነዚያ ሳምንታት ብዙ አስቤያለሁ። እማዬ ትክክል ነበረች፤ ምንም አላደረገችም።

ጥር ላይ ስልኩን ስክሪኑ ፊት አቁመን በቪዲዮ ሞከርን። ኔትወርኩ ስለሚዘገይ «ተንከባለይ!» ሲል እኔ ሞቼ ስነሳ ነው የሚደርሰኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሞት ዜና ላይ ትእዛዝ እየተቀበልኩ ተጫወትኩ። በመጨረሻ ወደቀ። እኔ ጮህኩ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ጮኸ። እማዬ ከማድቤት «እንግዳው ሄደ?» አለች።

አሁን ሰዎች ሲጠይቁኝ የምሰማው «ሙሉውን ጥቅል አንዴ ብገዛው አይሻልም?» የሚለውን ነው። በዋጋ ይሻላል። ጌሙንም ማስፋፊያውንም በአንድ ቀን ታገኛላችሁ፤ ክንዱ ጋ ስትደርሱ በሩ ወዲያው ይከፈትላችኋል። እኔ ግን የምመክራችሁ፣ ሠሪዎቹ የሆነ ነገር አስታውቀው ቀን ሳይቆርጡ ዝም ሲሉ አትበሳጩ። ስለ አንድ ሥዕል እራት ላይ የምትከራከሩት ሰው ካለ፣ ያ ዝምታ የእናንተ ነው። እኛ ውስጡ አሥራ ስድስት ወር ገደማ አብረን ኖረንበታል፤ ማስፋፊያውን አብረን የተጫወትነው ግን ሁለት ወር ከምናምን ብቻ ነው። የትኛው ምርቃት፣ የትኛው ሚዛን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

እናንተስ በዚህ ሰሞን ምን እየጠበቃችሁ ነው? ከማን ጋር?

ቸር ይግጠመን።