የካቲት፣ ታጁራና የባልደረባዬ ስም

የካቲት በመጣ ቁጥር በጅቡቲ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደረታችን ይሰፋል። ሙቀቱ ጋብ በሚልበት በዚህ ወር የዓድዋን ድል እናስባለን። በአሜሪካም ጥቁሩ የታሪክ ምሁር ካርተር ውድሰን እ.ኤ.አ. በ1926 የጀመሩት የመታሰቢያ ሳምንት ከ1976 ወዲህ ፌብሩዋሪን በሙሉ የያዘ የጥቁሮች ታሪክ ወር ሆኗል። የሁለቱ መገጣጠም ለእኔ የኩራት ምንጭ ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ ቀና ብሎ የሄደበት ታሪክ ሲነሣ የእኛ ስም ከፊት ይጠራልና። ይህን ኩራቴን መለስ ብዬ እንድመረምር ያደረገኝ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ በአንድ የትራንዚት ድርጅት አብረን እንሠራ ነበር። ወጣቱ የመጣው ከአገራችን ደቡብ ምዕራብ ሲሆን የቆዳው ቀለም ከሁላችንም ይጠቁራል። በቢሮው ውስጥ ‹‹ከሰል›› እያልን እንጠራው ነበር። ስንጠራው ይሥቃል፤ እኛም ሣቁን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። ሥራው በመጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠር ነበር። ይሁን እንጂ ፈረንሳይኛው ከእኔ ይሻል ነበር፤ በዲክላራሲዮን ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲኖርም ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው።

አንድ ቀን ደንበኞችን የሚያስተናግድ ሠራተኛ አስፈለገና አለቃችን ሐሳቤን ጠየቀኝ። የልጁን ነገር ባነሣብኝ ጊዜ፣ ‹‹ችሎታስ አለው፤ ግን ደንበኛ ፊት . . .›› ብዬ ንግግሬን ሳልጨርስ ተውኩት። መጨረስም አላስፈለገኝም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በዚያው ሰሞን የዓድዋን በዓል በቢሮአችን ስናከብር ንግግር እንዳደርግ ተመረጥኩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን፣ ድሉም በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ለነበሩ ጥቁሮች ሁሉ የሰጠውን ተስፋ እያነሣሁ ተናገርኩ። ሲጨበጨብ እርሱ አላጨበጨበም። ሰው ሲበተን ጠጋ ብሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ቅድመ አያቶች የት አሉ?›› አለኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከመልሱ ጥቂቱን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ተሻግሬ ታጁራ በሄድኩ ጊዜ ነው። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ጥንታውያን መስጊዶች ያሏት ጸጥተኛ የአፋር ከተማ ናት። ፈረንሳዮች ጅቡቲ ከተማን ከመቆርቆራቸው በፊት ከሸዋ የሚወርደው የሲራራ ንግድ ወደ ባሕር ይወጣ የነበረው በእርሷ በኩል ነው። የአሳል ሐይቅ ጨው ወደ ደጋ ይወጣል፤ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ያለፈው ቡናና የዝሆን ጥርስ ደግሞ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዕቃው ጋር ሰውም ይወርድ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ልጆች በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ከዚህ ዳርቻ ወደ ዐረብ አገር ተጭነዋል። በዚያ መንገድ የማረካቸውም የሸጣቸውም ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ አልነበረም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ 46 ዓመት በኋላ። በዳርቻው ቆሜ ባሕሩን ስመለከት፣ በቢሮአችን እንደ ቀልድ የያዝነው ቅጽል ስም ከዚያ ገበያ የተረፈ መሆኑ ገባኝ።

ስመለስ ባልደረባዬን ለብቻው አግኝቼ በሙሉ ስሙ ጠራሁት። ለአለቃችን ያልኩትንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ‹‹ዐውቅ ነበር፤›› አለኝ። በዚያን ቀን አልሣቀም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም መባሉ ለካ እውነት ነው። ወደ አለቃችን ገብቼ ቃሌን ባርምም ቦታው ተይዞ ነበር። ልጁ ዓመት ሳይሞላው በሌላ ድርጅት ደንበኞችን የሚያስተናግድበት ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ እኛም በእጃችን የነበረውን ሰው አጣን።

በሥራና በቅጥር አድልዎን፣ በቆዳ ቀለም ምክንያት የሚደረገውንም ጭምር፣ የሚከለክለውን 111ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ጅቡቲም በ2005 አጽድቀውታል። ሕጉ አለ ማለት ነው። እኔ ያጠፋሁት ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ያልተጨረሰ ንግግርን ማን ይከስሳል?

በዓድዋ መኩራቴን አልተውኩም፤ ልተውም አልሻም። ነገር ግን የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ሲከበር ያሸነፍንበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የሸጥናቸውንም ልጆች ማሰብ ይገባናል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በመጪው የካቲት ስለ እኩልነት ከመናገርህ በፊት በመሥሪያ ቤትህ በስሙ የማይጠራ ሰው እንዳለ ዞር ብለህ ተመልከት። ካለም በዓሉን ስሙን በመጥራት ጀምር።