ትስስ፣ ጧ!

ወይ ያ ዘመን! በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1990ዎቹ፣ አሜሪካ፣ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ሌዘራችን ለአራት ተጋግዘን የምንገፋው ማሽን ነበር። መነጽር አጥልቀን፣ በር ዘግተን፣ ከሥጋ ቤት የመጣ የአሳማ ቆዳ ላይ ስንተኩስበት ክፍሉ ያረረ ፀጉር ያረረ ፀጉር ይሸታል። ምሳ የበላ ወዮለት! እኛ ግን እንስቃለን፤ ብርሃን በእጃችን ነዋ!

ስንተኛም ስንነሳም የምናወራው ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ስላወጡት ሐሳብ ነበር። የምትፈልገው ዒላማ አብዝቶ የሚመጠውን የብርሃን ቀለም ምረጥ፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይሻገር ደግሞ ቶሎ አጥፋው። በቃ! ቀድሞ በአርጎን ሌዘር «ማርያም የሳመችው» የምንለውን ቀይ ምልክት ሲያክሙ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይተርፍ ነበር። ብርሃኑ ቆዳው ላይ ስለሚቆይ ሙቀቱ ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። በ585 ናኖሜትሩ የቀለም ሌዘር ግን ምቱ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም፤ ደም ሥሩን መትቶ ውልቅ!

የእኔን ክንድ ሲያዩ ግን ሁሉም ዝም። ቆዳን የሚያጠይመው ሜላኒን ነዋ! ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ እንደ ኬላ ጠባቂ ቆሞ ብርሃኑን ይቀማል፤ ቆዳውም ይቃጠላል። (ዓለም ላይ ጠይም ሰው የሌለ ይመስል ነበር የሚሠራው፣ እውነቱን ለመናገር።) ታዲያ ከካሊፎርኒያ፣ ከኧርቫይን፣ የእነ ስቱዋርት ኔልሰን ዘዴ ሲሰማ እንዴት እንደጨፈርን! ከምቱ በፊት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይረጫል፤ ላዩ ይበርዳል፣ ታች ያለው ደም ሥር እንደሞቀ ይቀራል። ትስስ፣ ጧ! ድምፁን እየቀዳን በየኮሪደሩ ስናላግጥ ከረምን።

ዛሬማ 1064 ናኖሜትሩ ሌዘር አለ። ሜላኒን ይህን ብርሃን ብዙም ስለማይመጠው ጠልቆ ይገባል፤ ለእኛ ቆዳ ተመራጭ የሆነውም ለዚህ ነው። በ2004 የእስራኤል ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ንቅሳት በሌዘር ስለማጥፋት ጽፈው ሳነብ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ማድያት ግን አሁንም አመለኛ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ይብስበታል፤ «በአንድ ቀን እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ደሜ ይፈላል።

በቀደም አዲስ አበባ ገብቼ አክስቴን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ረድፍ ንቅሳት እያየሁ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ አሁን ይጠፋል!» አልኳት፣ በደስታ ፈንድቼ።

«ምኑ? አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ መርፌ የቻልኩት ለማን ሆነና ነው የምታጠፋብኝ!»