የአያቴ ነጠላ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የካሜራ ፍቅር ይዟችሁ እንደ ሆነ በእኔ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

አሰላ ሳለሁ፣ በጥምቀት ዕለት አያቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ቢያምሩብኝ፣ የጭላሎን ተራራ ከጀርባቸው አድርጌ በቀትር ፀሐይ አነሣኋቸው። ፎቶግራፉን ሳሳያቸው አተኩረው አዩና «ልጄ፣ ነጠላዬን አንሥተህ እኔን ትተኸኛል» አሉኝ። እውነትም ፊታቸው ጠቁሮ አይለይም። እኔ ግን ጥፋቱን በካሜራው አላከክሁ።

በኋላ ለትምህርት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ስገባ፣ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን የአዲስ ፎቶ ፌስት ትርኢት ለማየት ሄድሁ። የእኛን መልክ የያዙ ፊቶች ከነሽብሽባቸው ወለል ብለው ሲታዩኝ አፈርሁ። ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ነጭ ነገር ሲበዛበት ካሜራው ብርሃን የተትረፈረፈ መስሎት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፊት አብሮ ይጨልማል። ስለዚህ ብርሃኑ መለካት ያለበት ከልብሱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ ነው።

ለዕረፍት ስመለስ አያቴን ከደጃፉ ጥላ ሥር አስቀምጬ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞርሁ። ነጠላው ከመጠን በላይ ነጣ፤ ፊታቸው ግን ጠርቶ ወጣ። «አሁን እኔው ነኝ» አሉ።

ዛሬ አያቴ በሕይወት የሉም። ከግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶግራፍ ያ ሁለተኛው ነው። እናንተም የምትወዱትን ሰው ስታነሡ አስቀድማችሁ ፊቱን ተመልከቱ፤ ተራራው ነገም አለ።