ባቡር በፊልቱ

ፊልቱ ሀዲድ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ከነጌሌ ወደ ዶሎ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው በዚያች ሞቃት ከተማ፣ ልጆች ሆነን ግራር ሥር ተቀምጠን የምናየው ወይ የጭነት መኪና ነው ወይ የግመል ቅፍለት። ባቡርን ያመጣልኝ አባቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያደገ መምህር ነበር። አንድ ቀን በደጃችን የሚያልፉትን ግመሎች እያሳየኝ፣ «ባቡር ማለት ልጄ፣ መሪዋ ብቻ ጉልበት ያላት ቅፍለት ናት» አለኝ። የኋለኛዋ ግመል ገመድ ከፊተኛዋ ጭራ ታስሮ ስለነበር ወዲያው ገባኝ።

በማግስቱ ከሻይ ቤት ጓሮ ባዶ የሰርዲን ጣሳዎች ለቀምኩ። ጎናቸውን በምስማር በሳሁ፣ ሽቦ አሳለፍኩ፣ ካረጀ ሸበጥ ጎማ ቆረጥኩ። አሸዋው ጎማዎቹን እየዋጠ ሲያስቸግረን፣ የጭነት መኪና ጠቅጥቆት ያለፈውን መስመር ሀዲድ አደረግነው። ጣሳዎቹን ግን አጥብቄ ስላያያዝኳቸው ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ተከታትለው ይገለበጣሉ። ይህን ያየ አንድ ግመል ነጂ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ሽቦውን በጣቱ አላላው። ገመድ ከተወጠረ ግመሏንም ይጎዳታል፤ በእጁ ምልክትና በጥቂት አማርኛ ያስረዳኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ባቡሬ አልወደቀም።

ትምህርት፣ ሥራ፣ ልጅ ማሳደግ መጣና ነገሩ ተረሳ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዘመድ ጥየቃ ድሬዳዋ ሄጄ፣ የአሮጌውን ምድር ባቡር ጣቢያ ግቢ ጎበኘሁ። የሀዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድ ስለነበር ሀዲዱ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በእሱ ሰበብ ከተማ ሆነች። ከቆሙት ፉርጎዎች አጠገብ ያገኘሁትን አንድ የቀድሞ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ይህ ማያያዣ ለምን ላላ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉም በአንዴ ከተነሣማ ማን ይጎትተዋል? ተራ በተራ ነው የሚነሡት» አለኝ። ብረቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ግመል ነጂው ፊቴ ድቅን አለ፤ አባቴም። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ የልጅነቴ ደስታ ራሱ ነበር፤ ዕድሜ አልቀነሰውም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለጣሳው ብዬ ሰርዲን ገዛሁ። በሌላው ዓለም የመጫወቻ ባቡር መሥራት የአዋቂም ሥራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት፤ የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1891 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ ወጥ ልክ ያላቸው የመጫወቻ ሀዲዶች አቅርቧል። ዛሬ ብዙዎች የሚሠሩት እውነተኛውን 87 ጊዜ አሳንሰው ነው። በዚያ ልክ፣ ስፋቱ 1 ሜትር የነበረው የድሬዳዋ ሀዲድ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለጣሳዬ ስለሚጠብ የራሴን ልክ አወጣሁ፤ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 25 ጊዜ ያነሰ።

የልጅ ልጄ የከተማውን ቀላል ባቡር እያየች ያደገች ናት። ሽቦውን ልታጠብቅ ስትል፣ «ተይው፣ ይላላ» እላታለሁ። አሁን የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጋድመን የውሃ ፉርጎ እየሠራን ነው።